መላሽ የሌለው ቅዳሴ

የካቲት 17፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ቅዳሴ አለቀ። ብቻዬን። ጧፉን አጠፋሁ፣ ልብሰ ተክህኖውን አጣጠፍሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ። የሁዳዴ መጀመሪያ ቀን። ውሃ አልመጣም።

ዛሬ አባ መ. አልመለሱልኝም። እስካለፈው ሳምንት ከግድግዳው ወዲያ፣ ካልጋቸው ላይ ሆነው ይመልሱ ነበር። እኔ «ሰላም ለኵልክሙ» እላለሁ፣ ሰላም ለሁላችሁ። እሳቸው በዚያ በሻከረ ድምፅ «ምስለ መንፈስከ» ይላሉ፣ ከመንፈስህ ጋር። «ሁላችሁ» ማለት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይበቃኝ ነበር። ዛሬም ያንኑ ብዬ ጠበቅሁ። ጸጥ። ራሴው ለራሴ መለስሁ። ገበጣውን በዚህም በዚያም ተቀምጦ ብቻውን እንደሚጫወት ሰው።

የዚህ አገር ሰው በእኛ በካቶሊኮቹ ይገረማል። እነሱ ዘንድ ካህናትና ዲያቆናት አምስት ካልሞሉ አይቀደስም። እኛ አንድ ቄስ ይበቃል እንላለን። ሴሚናሪ ሳለሁ ይህ ተራ የሥርዓት ልዩነት ይመስለኝ ነበር። ንፋስ መውጫ ሰባት ወር ከተቀመጥሁ ወዲህ ግን አምስት ይሁን ያለው ሰው ብቸኝነትን የሚያውቅ ሰው ነበር እላለሁ።

የማኅበራችን አለቃ ከአ.አ. ደወሉ። በሰኔ ቤቱ ይዘጋል። አባ መ.ን አሁኑኑ ይዘህ ውረድ አሉኝ፤ እዚያ አስታማሚ አለ፣ የማኅበራችን ካህናት የሚያርፉበት መካነ መቃብርም አለ። ሳንባቸው አልቋል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤታቸው ይሻላቸዋል ብሎ ከሸኘን ሦስት ሳምንት ሆነን።

ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እምቢ። ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ እታለምን አምጣልኝ። ታላቅ እህታቸው ናቸው። የሚኖሩት ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ። ከተያዩ ሃምሳ ዓመት።

የካቲት 20፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

አባ መ. ዛሬ ትንፋሽ አገኙ። ታሪኩን በቁርጥራጭ ነገሩኝ። እኔም በቁርጥራጩ ላስቀምጥልህ፣ ደብተሬ።

ዕድሜ አሥራ ስድስት። ዲያቆን። ድምፀ መልካም። ክፉ ቀን መጣ። በሬው አለቀ፣ ዘሩ ተበላ። እግራቸው እስኪያብጥ ተጉዘው የማኅበራችን ካህናት እህል የሚያድሉበት ቦታ ደረሱ። ዳቦ ተሰጣቸው። ከዳቦው ቀጥሎ ፊደል፣ ከፊደሉ ቀጥሎ መጽሐፍ። በዚያው ቀሩ። በዳቦ አልገዙኝም ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ ዳቦው ባይኖር ግን እዚያ አልደርስም ነበር ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው መሰለኝ።

መላኩ ካቶሊክ ሆነ የሚለው ወሬ ስማዳ ሲደርስ አባታቸው ልጄ ሞቷል አሉ። ለአፍ ያህል አይደለም። ዳስ ተጣለ። ለቅሶ ተቀመጡ። እታለም ጸጉራቸውን ተላጩ። በአርባው ቀን ተዝካር ወጣ፤ በዚያ የረሃብ ማግሥት፣ የቀረችው አንዲት በግ ታርዳ።

ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። «ተዝካሬን የበላው ሁሉ አለቀ፤ እኔ ቀረሁ።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ። ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ቄስ ከሆኑ በኋላ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ልከዋል። ለሞተ ሰው ማን ይመልሳል።

ሽሮው አረረብኝ። እናቴ ብታይ፣ ጉራጌ ተወልደህ ጎጆ መያዝ ያቃተህ ትለኝ ነበር።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሰኢድ ነገ ወደ ወገዳ ገበያ ይወርዳል። ሰኢድ ጎረቤቴ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ አጥራችን አንድ። ከዚህ ከተማ ሰው የተለየን በመሆናችን ዘመዳሞች እንደሆንን ይቆጥራል። ረመዳን ነው። እሱም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምር ይልክልኛል። የማን ጾም ይከብዳል እያልን እንከራከራለን። እሱ ውሃ እንኳ አልቀምስም ይላል። እኔ የአንተ ሠላሳ ቀን፣ የኔ ሃምሳ አምስት እለዋለሁ። ማንም አላሸነፈም።

መልእክቱን በቃል ሰጠሁት፤ መላኩ ታሟል፣ ሳልሞት ልይሽ ይላል። ሦስት ጊዜ አስደገምሁት። ቆጣ አለ። እኔ ቁርአን የቀራሁ ሰው ነኝ፣ ይቺ ትጠፋኛለች ወይ አለኝ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ሰኢድ ገባ። መንገድ ተዘግቶ አራት ቀን ዘግይቷል።

እታለምን አግኝቷቸዋል። መንኩሰዋል፤ እማሆይ ነው የሚባሉት። ባል ሞቷል፣ ልጆች ተበትነዋል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንዲት ጎጆ ውስጥ ይኖራሉ። መልእክቱን ሲሰሙ እንዝርታቸውን አላቆሙም። ያሉት ይህን ነው፦ «እሱን አልቅሼዋለሁ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም።»

ሰኢድ ሊወጣ ሲነሣ ግን ጠሩት። ዜማውን አልተወም ወይ ብለው ጠየቁት። ይሄ ሰኢድ ምን ቢል ጥሩ ነው፤ የዜማውን እንጃ፣ ሳሉን ግን አልተወም። ባንቀው ደስ ባለኝ።

ለአባ መ. ሁሉንም ነገርኋቸው። የመጀመሪያውን ዝም ብለው ሰሙ። የዜማውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፣ እኔ ሰኢድን እንዳስደገምሁት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደስ ብሏቸዋል። ጀርባቸው ያስታውቃል።

መጋቢት 7፣ እሑድ፣ መጻጉዕ

ቅዳሴ፣ ብቻዬን። የዛሬው ወንጌል የዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ በሽተኛ ነው፤ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ያጣው። ለስድስት ባዶ አግዳሚ ወንበር ሰበክሁ። አሳጥሬ።

ከሰዓት የአባ መ.ን ጽሑፍ አነበብሁ። ሦስት ደብተር፤ ማኅበራችንና ከማኅበራችን በፊት የነበሩት ካህናት በዚህ አገር የሠሩትን ሁሉ ይዘዋል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የመጡት የተማሩ ነበሩ፣ ቋንቋውን አጠኑ፣ በኖራ ገነቡ፣ ንጉሡን አሳመኑ። ያን ጊዜ ቸኮሉ። የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ሊያጠምቁ ተነሡ፤ ቄሱን ክህነትህ አልረጋም፣ ታቦቱን አልተባረከም አሉ። ደም ፈሰሰ። ንጉሡ ለሕዝቡ ሃይማኖቱን መለሱለት፣ እነሱም ተባረሩ። አባ መ. ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈዋል፤ ያስተማሩት ተረሳ፣ ሳይጠይቁ ያደረጉት ግን አልተረሳም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ርእስ ብቻ ነው፤ «እኔ»። ከሥሩ ባዶ።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። መስቀሌን ይዤ ስወጣ የማያውቀኝ ሰው ሊሳለም ጎንበስ ይላል። ከዚያ አንዱ በጆሮው ሹክ ይለዋል፣ ካቶሊኩ ነው። ቀና ይላል። በዚች መካከል ያለችውን ቅጽበት እወዳታለሁ። እወዳታለሁ ብዬ ስጽፍ አፈርሁ። ሰባት ወር ሙሉ መስቀሌን የተሳለመ ሰው የለም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ 12 ሰዓት

ሳይውል ሳያድር ልጻፈው።

ከሰዓት ሰኢድ እየሮጠ መጣ። ከወገዳ የተነሣ አይሱዙ ላይ አንዲት መነኩሲት ተሳፍረዋል ብለው ደውለውለታል። ለእንግዳዬ ክብር ብዬ ካባዬን ለበስሁ፣ ጠመጠምሁ፣ መስቀሌን ያዝሁ፣ መናኸሪያ ሄድሁ። ክብር ብዬ ነው። እውነቴን ነው።

ወረዱ። ቀጭን፣ አጭር፣ ቆባቸው እስከ ቅንድብ፣ አንድ ቋጠሮ በእጃቸው። የአባ መ. አፍንጫ። እኔ ከመናገሬ በፊት መጥተው ዝቅ አሉ። ይፍቱኝ አባቴ።

ማንነቴን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። መስቀሉን ዘረጋሁ። በግንባራቸው፣ በከንፈራቸው። እግዚአብሔር ይፍታዎት አልሁ። ደረቴ ሞቀ።

የታመመ ወንድማቸውን ፍለጋ እንደመጡ ነገሩኝ፣ ቤቱን ያውቁት እንደሆን ጠየቁኝ። አውቀዋለሁ አልሁ። የየትኛው ደብር አባት ነዎት አሉኝ። እዚሁ ነኝ አልሁ። ቋጠሯቸውን ተቀበልሁ፣ አብረን ሄድን። ሩብ ሰዓት መንገድ። መንገዱን ሁሉ ተናገሩ። ወንድማቸውን ሃምሳ ዓመት እንደጠሉት፣ ጥላቻው ባለፈው ማክሰኞ እንደለቀቃቸው፣ እንዝርቱን መያዝ እንዳቃታቸው። ለንስሐ አባታቸው ሳይነግሩ እንደመጡም። መሐል መንገድ ላይ ቆሙ። አባቴ፣ ከቤቱ ብገባ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። እንደ አባት። እንደ ራሳቸው አባት።

ግድ የለም፣ ይግቡ አልሁ።

ለምን አልሁ? አባ መ. ስለሚጠብቁ። ጊዜ ስለሌለ። ደግሞ ያች ድምፅ አባቴ ስትለኝ ደስ ስላለኝ።

ደጃፉ ደረስን። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። እማሆይ ቁልፉን አዩ፣ እኔን አዩ። የዚህ ቤት ቁልፍ እርስዎ ጋ ምን ይሠራል አሉኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከንፈራቸውን ጠረጉ። ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ። ቋጠሮውን ከእጄ ተቀብለው ወደ መጡበት ተመለሱ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

ገባሁ። አባ መ. ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው በሩን እያዩ ነበር። ድምፅዋን ሰማሁት እኮ አሉኝ፣ የታለች?

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አልቀደስሁም። እጄ አልሄደልኝም።

ለአባ መ. አንዱን ሳላስቀር ተናዘዝሁ። ይቆጣሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። «ማን እንደሆንህ ሳትነግራት ባረክሃት» አሉኝ። «ልጄ፣ የኛ ሰዎች ድሮም ያጠፉት እንዲሁ ነው። ለበጎ ብለው፣ ቸኩለው።» ከዚያ አይናቸውን ጨፈኑ። ሾርባውን አልቀመሱም።

ሰኢድ ወሬ አመጣ። መንገዱ እንደገና ተዘግቷል፤ እማሆይ አልሄዱም፣ ቤተ ክርስቲያን ተጠግተዋል። ከተማው ሰምቷል። የሰኢድ ሚስት ሳትቀር ቀና ብላ አታየኝም።

እና ምን ላድርግ አልሁት ሰኢድን። ገረመው። የሰው አገር ሰው ነዎት ለካ አለኝ፤ እዚህ የበደለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሕፃን ያውቀዋል፣ ድንጋይ ይሸከማል።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ድንጋዩን ከጓሮ መረጥሁ። ሰኢድ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል። ትንሹን አይምረጡ፣ ሰው ይስቅብዎታል አለኝ። ትልቁን አነሣሁ።

ካባ የለም፣ ጥምጥም የለም፣ መስቀሌን እቤት ተውሁ። ጋቢ ለበስሁ። አስቀድሜ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ደጅ ጠናሁ። አንዱን ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ፊታቸው አልተፈታም። ከቅጽሩ ውስጥ አይገቡም አሉኝ፤ ከቅጽሩ ውጭ ግን መንገዱ የሁሉ ነው።

ቅዳሴ ሲወጣ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። ነጭ ለባሹ ሕዝብ ወጣ፣ ከበበኝ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ዝም አሰኘው። እግር ብቻ ነው የማየው። ጉልበቴ ሥር ጠጠር አለ። አንገቴ ነደደ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። በዚህ አገር ድንጋይ የተሸከመ የኛ ካህን ከእኔ በፊት ነበር ይሆን? የአባ መ. ደብተር ውስጥ የለም።

የእማሆይ እግር መጣ። ባዶ እግር፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ። ማን እንደሆንሁ፣ እንዴት እንዳታለልኋቸው፣ ይግቡ ማለት የኔ ሥልጣን እንዳልነበረ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ስለ እመቤታችን አልሁ። ሰዉ ይማሩት፣ ይማሩት አለ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ድንጋዩ ይውረድ» አሉ። ሁለት ሽማግሎች አወረዱልኝ። ቀና አልሁ። አሁን አባቴ አይሉኝም፣ አንተ ነው የሚሉኝ። «ላንተ ይቅር ብያለሁ። እሱን ግን አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

ብቻዬን ተመለስሁ። አንገቴ አይዞርም። ለአባ መ. ይቅር አሉኝ ብዬ ነገርኋቸው። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ዋጥሁት። ወዲያው ደግሞ ተመልሼ ነገርኋቸው። መደበቅ በቃኝ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

ደብተሬ! መጥተዋል!

አልገቡም። አስተዳዳሪውን ጠይቀው ነው የመጡት። አብረሽ አትጸልዪ፣ ከማዕዱ አትቅመሺ፣ የታመመ መጠየቅ ግን አልተከለከለም ተብለዋል። በራሳቸው ፈቃድ ከደጅ፣ ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የአባ መ. አልጋ ከመስኮቱ ወዲህ ነው። አልጋውን አስጠግቼ ወጣሁ። የእነሱ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ግን ትንሽ ሰማሁ። አንተ መላኩ አሉ። እታለም አሉ አባ መ.። ከዚያ ስለ አንድ በሬ ስም ተከራከሩ! ዳማ ነው፣ ቡላ ነው። ሃምሳ ዓመት ቆይተው በሬ። ጓሮ ቆሜ እንደ ሞኝ ሳቅሁ።

በቋጠሮው የነበረው በሶ ነው። የስማዳ ገብስ። በመስኮቱ አቀበሉ። አባ መ. ሦስት ቀን እህል ያልቀመሱት ሁለት ጭብጥ በሉ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ትናንትም መጡ፣ ዛሬም። ፀሐይ እስክትበረታ ይቀመጣሉ። እንዝርታቸውን ይዘው። ዛሬ አባ መ. ዜማ ሞከሩ። አንድ ሐረግ። ትንፋሽ አጠራቸው። እማሆይ ሐረጉን አልጨረሱላቸውም፤ አብረሽ አትጸልዪ ተብለዋልና። እንዝርታቸው ግን ቆመ።

ለእኔ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ በአንገት።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

አባ መ. ዐረፉ። ጠዋት 3 ሰዓት። እጃቸው በመስኮቱ ወጥቶ በእህታቸው እጅ ነበር።

እማሆይ ጮኹ። አባ መ. ሁለተኛ ተለቀሱ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ቀብሩ የሚቆይ አልነበረም። መንገድ ዝግ ነው፣ አ.አ. አይታሰብም። አለቃን በሰኢድ ስልክ አገኘኋቸው፣ እሺ አሉ። ሰኢድ የሠፈሩን እድር ጠራ። አባ መ. ሠላሳ ዓመት የእድሩ አባል ነበሩ፤ የሰውን ሁሉ ሬሳ ሸኝተዋል። ድንኳን መጣ፣ ወንበር መጣ። ጉድጓዱን ከግቢያችን ጥግ፣ ከወይራው ሥር ቆፈሩ። ሰኢድ ጾሙን እንደያዘ ቆፈረ።

ከጸሎቱ በፊት ለተሰበሰበው ሰው ተናገርሁ። ይህ የእኛ ሥርዓት ነው፣ ማንም እንዲመልስልኝ አልጠይቅም፣ መቆማችሁ ይበቃኛል። ያልነገርሁት ነገር እንዳይኖር። ከዚያ ጀመርሁ። «ሰላም ለኵልክሙ።»

መቶ ሰው ይሆናል። መልሱን የማያውቅ ክርስቲያን አልነበረም፤ ጡት ሲጠቡ የሰሙት ነው። ዝም። እንዳይመልሱ ያልኋቸው ራሴ ነኝ። ልመልስ አፌን ከፈትሁ፣ ድምፄ አልወጣም። ደግሜ ሞከርሁ። ልክ ያን ጊዜ ሁሉም መጣብኝ፤ ግድግዳው፣ የሻከረው ድምፅ፣ ሰባት ወር። እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ።

ከኋላዬ፣ ከወይራው ሥር፣ የእማሆይ ድምፅ።

«አይዞህ ልጄ።»

የቅዳሴው መልስ አይደለም። እኔ ግን ተመልሶልኛል። ጸሎቱን እስከ መጨረሻ አደረስሁ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

መንገድ ተከፈተ። እማሆይ ዛሬ ተሳፈሩ። ሸኘኋቸው፤ መስቀሌ በኪሴ፣ ቋጠሯቸው በእጄ። መኪናው ላይ ወጥተው ከተቀመጡ በኋላ ጠየቁኝ። አርባው ሚያዝያ 28 ይውላል፣ እመጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቢዘጋ በማን በር ገብቼ ነው ከመቃብሩ የምቀመጠው? ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

አሁን ጻፍሁት። ለአለቃ፦ ቤቱ በሰኔ እንዳይዘጋ እለምናለሁ፣ አንድ ሰው ይበቃል፣ እኔ እቀመጣለሁ። ታዛዥ ነኝ፣ ውረድ ካሉኝ እወርዳለሁ፤ ግን ሳይጠይቁኝ ውረድ እንዳይሉኝ ፈቃዴን ነገርኋቸው። ከአባ መ. ሦስተኛ ደብተር «እኔ» ከሚለው ሥር ደግሞ አንድ መስመር አከልሁ፤ ሁለት ጊዜ ተለቀሰ።

ዛሬ ብቻዬን ቀደስሁ። «ሰላም ለኵልክሙ» ብዬ ጠበቅሁ፣ ራሴ መለስሁ። አሁንም ይከብዳል። አልዋሽህም።

የአለቃ መልስ የሚመጣው በስንት ቀን እንደሆነ አይታወቅም። መልሱ ምንም ይሁን፣ አሁን ገበያ እወጣለሁ፣ የግቢውን ቁልፍ አስቀርጻለሁ። ሰኢድ ነገ ወደ ወገዳ ይወርዳል። አንደኛው ቁልፍ የእማሆይ ነው።